አንባቢያን ይጠይቃሉ፦ የግሪክ ቀራጺዎች ድንጋዩን እንዴት ሰው አስመሰሉት?

ባለፈው እትማችን ስለ ጥንታዊት ግሪክ ኪነ ጥበብ አንዲት አጭር ጽሑፍ ከአንድ ሐውልት ፎቶግራፍ ጋር አውጥተን ነበር። ጽሑፏ የአቴና ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት «ክላሲካል» የሚባለውን የአሠራር ስልት እንዳስገኙ ትናገርና እንዴት እንዳስገኙት ሳታስረዳ ታበቃለች። ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ይህንኑ ጉድለት የሚነቅሱ ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። ስድስቱን መርጠን ዛሬ እንመልሳለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ «ከክርስቶስ ልደት በፊት» የሚለውን ሐረግ «ከክ.ል.በ.» እያልን አሳጥረነዋል።

ጥያቄ፦ «በመጽሐፌ ላይ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን አሉ። አንደኛው እጁን ከጎኑ አጣብቆ እንደ ምሰሶ የቆመ ወጣት ነው። ሁለተኛው ግን ሊራመድ ወይም ሊናገር ያሰበ ሰው ነው የሚመስለው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ መቶ ዓመት ገደማ ነው ተብለናል። በእነዚያ መቶ ዓመታት ምን ተፈጠረ?» — የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱ ፎቶዎች የታሪኩን መነሻና መድረሻ ይዘውልሻል፤ የቀረው መንገዱ ነው።

እንደ ምሰሶ የቆመውን ግሪኮች «ኩሮስ» ይሉታል፤ ጎረምሳ ማለት ነው። በ600 ከክ.ል.በ. አካባቢ እንዲህ ያለ ሐውልት በመቃብር ላይና በቤተ መቅደስ ቅጥር ውስጥ ይቆም ነበር። ግራ እግሩን ትንሽ አስቀድሞ፣ እጆቹን ጨብጦ ከጭኑ አጣብቆ፣ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ይቆማል፤ ጸጉሩም የእኛን ሹሩባ በሚያስታውስ የዶቃ መስመር ወደ ትከሻው ይወርዳል። ይህ አቋቋም ከግብፅ የተቀዳ ነው። ከ7ኛው መቶ ዓመት ከክ.ል.በ. ጀምሮ ፈርዖን ቀዳማዊ ፕሳሜቲክ ግሪካውያንን በወታደርነት ይቀጥር ነበር፤ ነጋዴዎቻቸውም ዓባይ ወደ ባሕር በሚገባበት አካባቢ ናውክራቲስ በምትባል ከተማ ሰፍረው ይነግዱ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸውን የድንጋይ ነገሥታት በዓይናቸው አዩ፤ ድንጋይ በሰው ቁመት ልክ፣ ከዚያም አልፎ ሊቀረጽ እንደሚችል ተረዱ።

የቀዱትን ግን እንዳለ አልተዉትም። የግብፅ ቀራጺ ሐውልቱ ለዘለዓለም እንዲጸናለት ስለሚፈልግ ከጀርባው የድንጋይ ምሰሶ ይተውለታል፤ በክንዱና በጎኑ መካከል ያለውንም ድንጋይ ፈልቅቆ አያወጣውም። ግሪካዊው ያንን ትርፍ ድንጋይ ጠርቦ አወጣውና ሐውልቱን በገዛ እግሩ አቆመው። ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ደጋፊ የሌለው አካል ሚዛኑን ከራሱ ማግኘት ስላለበት፣ የቀራጺው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ «ሰው እንዴት ይቆማል?» የሚል ሆነ።

መልሱ በአንድ ቀን አልተገኘም። በመጀመሪያዎቹ ኩሮሶች ላይ ጉልበትና ሆድ በመሮ የተጫሩ መስመሮች ናቸው፤ ጆሮውም ጆሮ ከመሆን ይልቅ ጌጥ ነው። እያንዳንዱ ትውልድ ከአባቱ የተረከበውን ይዞ አንድ ነገር ያርም ነበር። በ530 ከክ.ል.በ. አካባቢ የተሠራውና አናቪሶስ በሚባል ስፍራ የተገኘው ሐውልት፣ በጦር ሜዳ ለወደቀ ክሮይሶስ ለተባለ ወጣት መቃብር የቆመ ሲሆን፣ ጉንጩም ጭኑም ሥጋ የለበሰ ነው። ይሁንና እርሱም ቢሆን የአካሉን ክብደት በሁለቱ እግሮቹ ላይ እኩል አካፍሎ ነው የቆመው፤ እንዲህ የሚቆም ሰው ደግሞ «ተጠንቀቅ!» የተባለ ወታደር ብቻ ነው።

ነገ ጠዋት ከቤት ስትወጪ መንገድ ዳር ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው ፈልጊና አንድ ደቂቃ ተመልከቺው። አንዱን እግሩን ቀጥ አድርጎ ክብደቱን ይጥልበታል፤ ሌላውን ከጉልበቱ ለቀቅ ያደርገዋል። ክብደት ባረፈበት እግር በኩል ዳሌው ከፍ ይላል፤ በዚያው ወገን ያለው ትከሻ ዝቅ ይላል፤ አከርካሪው ለስለስ ብሎ ይታጠፋል፤ ራሱም ወደ አንድ ጎን ዘወር ይላል። ሲሰለቸው እግር ይቀይራል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲቆም የኖረው እንዲህ ነው፤ በግሪክ ድንጋይ ላይ ይህ አቋቋም በግልጽ ከታየባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ ግን በ480 ከክ.ል.በ. አካባቢ የተቀረጸውና ዛሬ በአቴና የአክሮፖሊስ ሙዚየም የሚገኘው፣ ክሪቲዮስ የተባለ ቀራጺ ሠራው ተብሎ ስለሚገመት «የክሪቲዮስ ልጅ» የተባለው ሐውልት ነው። ክንዶቹና የእግሮቹ ታችኛ ክፍል ስለተሰበሩ የቀረው ቁመቱ 1.17 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በግራ እግሩ ተደግፎ ቀኙን ለቀቅ አድርጎታል፤ ፊቱን በጥቂቱ አዙሯል። በብዙዎቹ የድሮ ኩሮሶች ፊት ላይ፣ በመቃብር ላይ በቆሙት እንኳ፣ የሚታየው ፈገግታ ከእርሱ ፊት ላይ የለም። ልጁ ያስባል።

ለምን በዚያን ጊዜ? በ480 ከክ.ል.በ. የፋርስ ንጉሥ ዜርክስስ አቴናን አቃጥሎ በአክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ የነበሩትን ሐውልቶች አስሰበረ። በዚያው ዓመት በሳላሚስ ባሕር፣ በሚቀጥለው ዓመት በፕላቲያ ሜዳ ፋርሶች ድል ተመቱ። አቴናውያን ወደ ከተማቸው ሲመለሱ የተሰባበሩትን ሐውልቶች ለኮረብታው መሙያ አድርገው ቀበሯቸው፤ የድሮው ሥራ ከዓይን ጠፋ፣ አዲስ የሚቆምበት ባዶ ቦታም ተከፈተ። አንዳንዶች ለውጡን ሁሉ ለዚህ ድል ይሰጡታል። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ጦርነት ቦታና ምክንያት ይሰጣል እንጂ ለመሮ ያዥ እጅ ዕውቀት አይሰጠውም፤ ዕውቀቱ ከፋርስ ጦር በፊት በነበሩት ዓመታት በጭቃ፣ በሰምና በብሩሽ ሲከማች የቆየ ነው። «የግሪክ ተአምር» የሚለውን የተለመደ አነጋገርም አልወደውም፤ ተአምር ሲባል የሠሪው ድካም ይረሳልና። የሚቀጥሉት ሁለት ጠያቂዎች የሙያው ሰዎች ስለሆኑ ይህንን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ «አባቴም እኔም መስቀልና ጌጥ በሰም እየቀረጽን በማፍሰስ ነው የኖርነው። የመዳፍ የምታክል መስቀል እንኳ ስንት ጊዜ ትበላሻለች! እናንተ ግን ግሪኮች በሰው ቁመት ልክ ነሐስ ያፈሱ ነበር አላችሁ። ያን ሁሉ ነሐስ እንዴት በአንድ ጊዜ አቅልጠው አፈሰሱት?» — አንጥረኛ፣ ከደሴ ፒያሳ

መልስ፦ በአንድ ጊዜ አላፈሰሱትም፤ ድፍን አድርገውም አላፈሰሱትም። የሥራው ቁልፍ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ነው።

የቅኔ መምህሮቻችን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም የወሰዱት ከእርስዎ ሥራ ቤት ነው፤ ሰሙ ቅርጹን ያሳያል፣ በጭቃ ይለበጣል፣ በእሳት ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይገባል። ግሪኮችም የሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ትንንሾቹን፣ ለቤተ መቅደስ ስለት የሚቀርቡትን የፈረስና የሰው ምስሎች ልክ እንደ እርስዎ መስቀል ድፍን አድርገው ያፈስሱ ነበር። የሰው ቁመት ሲሆን ግን ድፍኑ አይሆንም። መዳቡና ቆርቆሮው ውድ ነው፤ ከዚያም በላይ እርስዎ እንደሚያውቁት ወፍራሙና ቀጭኑ እኩል ስለማይቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐውልቱን እንዳለ በጭቃ ያበጁታል። ጭቃው ላይ ሌላ ጭቃ ለጥፈው ሲደርቅ ቆራርጠው ያነሡታል፤ ይህ የራሱ፣ ያ የክንዱ፣ ሌላው የጭኑ ቅርጽ ማውጫ ይሆናል። በእያንዳንዱ ማውጫ ውስጥ የቀለጠ ሰም በስሱ ይቀቡና፣ በሰሙ ውስጠኛ ክፍል ደግሞ አሸዋ የተቀላቀለበት ጭቃ ይሞሉበታል። እንግዲህ ሰሙ በሁለት ጭቃ መካከል እንደ ስስ ሽፋን ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ሰሙ ሲወጣ የውስጡ ጭቃ ወድቆ ከውጪው ጋር እንዳይጣበቅ በብረት ካስማ ይወጉታል፤ አየርና ጢስ የሚወጣበትን ቀዳዳ ያበጁለታል፤ ከዚያ በእሳት ሰሙን አውጥተው፣ አብዛኛው መዳብ አንድ አሥረኛው ያህል ቆርቆሮ የሆነውን ነሐስ ያፈስሱበታል። የነሐሱ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ክንዱ ለብቻ፣ ራሱ ለብቻ ተፈስሶ በመጨረሻ በቀለጠ ነሐስ ይያያዛል፤ መጋጠሚያው ይሞረዳል፣ አየር ያበላሸው ቀዳዳ ተቆርጦ በአራት ማዕዘን ልጣፊ ይደፈናል።

ይህንን የሚያሳይ ሥዕል አለ። በበርሊን ሙዚየም የሚገኝ፣ በ490ና በ480 ከክ.ል.በ. መካከል አቴና ውስጥ የተሠራ አንድ የሸክላ ጽዋ በዙሪያው የነሐስ አፍሳሾችን ሥራ ቤት ይዟል። አንዱ ሠራተኛ እሳቱ ፊት ተቀምጧል፤ ሌላው መዶሻ ይዞ በሐውልት ላይ ይሠራል፤ የሐውልቱ ራስ ገና አልተገጠመም፣ መሬት ላይ ተጋድሟል። ግድግዳው ላይ መሣሪያዎች ተሰቅለዋል። እርስዎ ቢያዩት የቤትዎን ያህል ያውቁታል ብዬ አስባለሁ።

ነሐስ ኪነ ጥበቡን የለወጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ የእብነ በረድ ክንድ ወደ ጎን ሲዘረጋ በራሱ ክብደት ይሰበራል፤ ነሐስ ግን ይችላል። በ1920ዎቹ ከአርቴሚሲዮን ባሕር የወጣው የነሐስ አምላክ ቁመቱ 2.09 ሜትር ሲሆን ሁለቱንም ክንዶቹን ዘርግቶ ሊወረውር ተዘጋጅቶ ይታያል፤ ይህን አቋቋም ያለ ደጋፊ በድንጋይ መሥራት የማይሞከር ነው። ሁለተኛው ለእኔ ይበልጥብኛል፤ ድንጋይ ጠራቢ አንዴ ያነሣውን አይመልስም፣ ጭቃ የሚያበጅ ሰው ግን ትከሻው ካላማረው ጨምሮ፣ ቀንሶ፣ አዙሮ እንደገና ይሞክራል። አንድ ልብ የሚነካ አቋቋም ለማግኘት ሃያ ጊዜ መሳሳት የሚቻለው በጭቃና በሰም ነው፤ ድንጋይ ጠራቢዎቹም ከነሐሱ ተምረው ተከተሉ።

ነሐሱ ሲያልቅ ዓይኑ ከሌላ ማዕድን ተሠርቶ ይገባለታል፤ ከንፈሩ በቀይ መዳብ ይለበጣል። በ1972 በደቡብ ኢጣሊያ ሪያቼ አጠገብ ከባሕር ከተገኙት ሁለት የነሐስ ተዋጊዎች አንዱ የብር ጥርስ አለው። ከባሕር ባይወጡ ኖሮ አናያቸውም ነበር፤ በየብስ የቀረው ነሐስ በአብዛኛው በኋላ ዘመን እየቀለጠ ገንዘብና የጦር መሣሪያ ሆኗልና። የአርጎሱ ፖሊክሌይቶስ በ440 ከክ.ል.በ. አካባቢ የሠራው ዝነኛው «ጦር ያዥ» ዛሬ የሚታወቀው ሮማውያን በእብነ በረድ በሠሩት ቅጂ ነው፤ እነርሱም እንዳይሰበር ከእግሩ ሥር የዛፍ ጉቶ ጨምረውበታል። ፖሊክሌይቶስ ስለ መጠን ደንብ የጻፈው መጽሐፍ ቢጠፋም ሐሳቡ በሌሎች ተጠቅሶ ደርሶናል፤ ውበት የሚገኘው ጣት ከጣት፣ ጣቶች ከመዳፍ፣ መዳፍ ከክንድ ጋር ባላቸው ልክ ነው ይላል። ስንዝርና ክንድ እየለካ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ትምህርት አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ «ሰኞ ገበያ ሸክላ እሸጣለሁ። ጀበናውን የምናጠቁረው ገና ትኩስ ሳለ በጭድና በቅጠል ጢስ አፍነን ነው፤ ሙሉው ይጠቁራል። ልጄ መጽሔታችሁን ስታነብልኝ የግሪኮቹ እንስራ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ነው አለችኝ። ቀለም ቀብተውት ነው?» — ሸክላ ሻጭ፣ ከደሴ

መልስ፦ እትዬ፣ ቀለም አይደለም፤ ያው አፈሩ ነው። የአቴና አፈር ብረት የበዛበት ስለሆነ ሲተኮስ ይቀላል። ሠሪዎቹ ከዚያው አፈር ጥቂቱን በውሃ በጥብጠው ያዘቅጡታል፤ አሸዋው ወደ ታች ሲወርድ ከላይ የሚቀረውን እንደ ቅባት የላመ ጭቃ ወስደው ሥዕሉን ይሥሉበታል። ወደ እሳት ሲገባ ሥዕሉና ገላው ቀለማቸው ብዙም አይለይም፤ የሚለየው እሳቱ ነው።

መጀመሪያ አየር እንደ ልብ እየገባ ይተኮሳል፤ ሁሉም ይቀላል። ቀጥሎ የእቶኑን አፍ ዘግተው እርጥብ እንጨት ይጨምሩበታል፤ እርስዎ በጭድ እንደሚያፍኑት ማለት ነው፤ እሳቱ 900 ዲግሪ አልፎ ሳለ አየር ስላጣ ሁሉም ይጠቁራል። በዚህ ጊዜ የላመው ጭቃ ብቻ እንደ መስታወት ቀልጦ ይዘጋል። በመጨረሻ አፉን ከፍተው አየር ሲያስገቡለት ገላው አየሩን ጠጥቶ ወደ ቀይነቱ ይመለሳል፤ የተዘጋው ግን አየር ስለማይገባው ጥቁር እንዳለ ይቀራል። አንድ እሳት፣ አንድ አፈር፣ ሁለት መልክ። ሰዓቱን ያሳለፈ ሠሪ የወር ሥራው ይበላሽበታል፤ እቶኑን ከፍቶ እስኪያይ ድረስም ማን ምን እንዳወጣ አያውቅም።

ለኪነ ጥበቡ ታሪክ የሚያስፈልገን የሚቀጥለው ነው። አስቀድሞ ሰዎቹ ጥቁር፣ መደቡ ቀይ ነበር፤ የሰው ገላ በጥቁር ሲሞላ ጡንቻና እጥፋት የሚታየው በስለት እየተፋቀ ነው። በ530ና በ520 ከክ.ል.በ. መካከል አቴና ውስጥ አንድ ሰው ነገሩን ገለበጠው፤ መደቡን አጥቁሮ ሰውየውን በአፈሩ ቀይነት ተወው። ከዚያ ወዲያ ብሩሽ በገላው ላይ እንደ ልቡ ሄደ፤ የተጠመዘዘ ጀርባ፣ ወደ ተመልካቹ የዞረ እግር፣ ከፊል የተሸፈነ ትከሻ መሣል ተቻለ። «የክሪቲዮስ ልጅ» ከመቀረጹ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሸክላ ሠሪዎቹ ይህንን ይሞክሩ ነበር ማለት ነው። ሲወዳደሩም አይተፋፈሩም፤ ዩቲሚዴስ የተባለው በአንድ እንስራ ላይ የሚጨፍሩ ሰዎችን ከሣለ በኋላ ከጎናቸው በተፎካካሪው ላይ «ዩፍሮኒዮስ ከቶ እንዲህ አልሠራም» የሚል ጽፎበታል። እንስራው ዛሬ ሙኒክ ነው።

ጥያቄ፦ «ከመናቅ አይደለም፤ ግን እነዚያ ነጭ ሐውልቶች ለምን ራቁታቸውን ይቆማሉ? ሰዎቹ ነውር አያውቁም ነበር?» — ጡረተኛ፣ ከደሴ

መልስ፦ ነውር ያውቁ ነበር፣ አባታችን። አንድ ግሪካዊ ወደ ገበያ የሚወጣው ለብሶ ነው። ራቁት የሚሆነው በኦሊምፒያና በመሰል በዓላት ሲወዳደርና ለዚያ በሚለማመድበት ስፍራ ነው፤ ስለዚህ የወጣቱ ራቁት ገላ ለአምላክ የተሰጠ ብርታት ምልክት ሆነ። ለሴቶች ይህ አይፈቀድም ነበር፤ «ኮሬ» የተባሉት የልጃገረድ ሐውልቶች በሙሉ ልብስ የለበሱ ናቸው። ቀራጺው ፕራክሲቴሌስ በ350 ከክ.ል.በ. አካባቢ የፍቅር አምላክ የሚሏትን አፍሮዲቴን ራቁቷን ሲሠራ የኮስ ደሴት ሰዎች የለበሰችውን መርጠው ወሰዱ፤ ራቁቷን የገዙት የክኒዶስ ከተማ ሰዎች ናቸው። እርስዎ ከኮስ ሰዎች ጋር ይስማማሉ ብዬ እገምታለሁ።

ነጭነታቸውን በተመለከተ ግን ሁላችንም ተሳስተን ነበር። ሐውልቶቹ ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ ጸጉር፣ ዓይን፣ ከንፈር፣ የልብስ ጠርዝ ሁሉ። በአክሮፖሊስ ተቀብረው በቆዩት ልጃገረዶች ላይ ቀዩና ሰማያዊው እስከ ዛሬ ይታያል። ፕራክሲቴሌስም ከእብነ በረድ ሥራዎችህ የትኞቹን ትወዳለህ ቢሉት፣ ሠዓሊው ኒኪያስ እጁን ያሳረፈባቸውን ማለቱ ተጽፏል። ነጭ ያደረጋቸው ዝናቡና አፈሩ ነው፤ ነጭነቱን የውበት ሕግ ያደረጉት ደግሞ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የመጡ አውሮፓውያን ናቸው።

ጥያቄ፦ «ሆሜር ስለ ኢትዮጵያውያን ጽፏል ይባላል። በግሪኮቹ ሥዕል ውስጥስ አለን?» — አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል አለ፤ ግሪኮች ግን ቃሉን የሚሰጡት ከግብፅ በስተ ደቡብ ለሚኖረው ጠይም ሕዝብ ሁሉ፣ ይበልጡንም በዓባይ ዳር ለነበሩት ለኩሽ ሰዎች ነው። በሆሜር ግጥም አማልክቱ ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ይሄዳሉ፤ ትሮይን ሊረዳ የመጣው ንጉሥ ሜምኖንም የእነርሱ ነው፤ በአቴና እንስራዎች ላይ ጥቁር አጃቢዎቹን አስከትሎ ተሥሏል። በአንድ ወገን የአፍሪካዊ፣ በሌላው ወገን የግሪካዊት ፊት ያላቸው ጽዋዎችም አሉ፤ አፍንጫውና ከንፈሩ ሰው ታይቶ የተሠራ እንጂ በወሬ የተሣለ አይደለም።

የእኛው አገር በዚያን ዘመን የራሱ ድንጋይ ነበረው። ኩሮሶቹ ሲጠረቡ የየሓ ቤተ መቅደስ በውብ ጥርብ ድንጋይ ተገንብቶ ቆሟል፤ በአክሱም አካባቢ ሐውልቲ ላይ የተገኘችው የተቀመጠች ሴት ሐውልትም ከዚያ ዘመን የራቀች አይደለችም። እርሷ የምትዛመደው ከቀይ ባሕር ማዶ ጥበብ ጋር ነው። የግሪክ ፊደል በአክሱም ገንዘብና በንጉሥ ዔዛና ድንጋይ ላይ የምናገኘው በአክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ ካለው ከፓርቴኖን ቤተ መቅደስ ሰባት መቶ ዓመት ቆይቶ ነው።

ጥያቄ፦ «በግንባታ ላይ ነው የምሠራው። ፓርቴኖን አንድም ቀጥ ያለ መስመር የለውም ይባላል፤ እውነት ነው? ያን ሁሉ ሥራስ ማን ከፈለው?» — ፎርማን፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ማለት ይቻላል። ወለሉ 69.5 በ30.9 ሜትር ሲሆን ውሃ ልክ ቢያስቀምጡበት አይቀበልዎትም፤ መካከሉ ከማዕዘኖቹ በረጅሙ ጎን 11፣ በአጭሩ ጎን 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከ10 ሜትር የሚበልጡት ዐምዶች በቱምቢ ቢለኩ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ናቸው፤ ወገባቸው ትንሽ ያብጣል፤ የማዕዘኖቹ ከሌሎቹ ይወፍራሉ። ይህ ስሕተት ሳይሆን የተቆረጠ ልክ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ለራሱ ቦታ ብቻ የሚሆን ማዕዘን ይዞ መጠረብ ነበረበት፤ የአንዱ ቦታ ለሌላው አይሆንም። ሲሚንቶም ኖራም የለበትም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር በብረት ተቆንጥጦ ብረቱ እንዳይዝግ በእርሳስ ተከድኗል። እብነ በረዱ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከፔንቴሊኮን ተራራ ነው የመጣው። ሥራው በ447 ከክ.ል.በ. ተጀምሮ ሕንፃው በ438፣ ቅርጻ ቅርጹ በ432 አለቀ። ነዳፊዎቹ ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ ሲሆኑ፣ ቅርጻ ቅርጹን የመራው ፊዲያስ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ነገሩ ያን ያህል ንጹሕ አይደለም። ከፋርስ ጦርነት በኋላ ብዙ የግሪክ ከተሞች ለመከላከያ ገንዘብ ያዋጡ ነበር፤ አቴና በ454 ከክ.ል.በ. የማኅበሩን ግምጃ ቤት ወደ ራሷ አዛወረችው። የአቴና መሪ በነበረው በፔሪክሌስ ላይ የተነሡ ተቃዋሚዎች ከተማዪቱ በወዳጆቿ ገንዘብ እንደ ከንቱ ሴት ራሷን ታሽሞነሙናለች እያሉ ይከሱት እንደነበር የጥንቱ ጸሐፊ ፕሉታርክ ጽፏል። በቤተ መቅደሱ ውስጥ የቆመችው፣ ፊዲያስ የሠራት፣ ስሟ ከከተማዪቱ ጋር አንድ የሆነው የሴት አምላክ የአቴና ሐውልት ከዝሆን ጥርስና ከወርቅ የተሠራች ሲሆን የወርቋ ክብደት 40 ታለንት፣ በእኛ ሚዛን አንድ ቶን ያህል ነበር፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ተነቅሎ እንዲሸጥ ሆኖም የተገጠመ ነው። ሕንፃው ውብ ነው፤ ሒሳቡን ግን ያዋጡት ከተሞች እንደ ወደዱት አይመስለኝም።

ለሠራተኛው የተከፈለውን ከጎኑ ካለው ከኤሬክቴዮን ቤተ መቅደስ እናውቃለን፤ በ409ና በ407 ከክ.ል.በ. መካከል የተደረገው ወጪ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ቀርቷል። የአገሬው ተወላጅ፣ ከሌላ አገር የመጣው ነዋሪና ባሪያው በአንድ ዐምድ ላይ ጎን ለጎን ሲሠሩ የቀን ሒሳባቸው ድራክማ በሚባለው የብር ገንዘብ አንድ አንድ ነው፤ የባሪያው ድርሻ ወደ ጌታው ኪስ መግባቱ ግን አይቀርም። ነዳፊው ራሱ ከአንድ ድራክማ የዘለለ የቀን አበል የለውም። የቅርጽ ሠሪዎች ሒሳብ በቁጥር ነው፤ መዝገቡም እንደ እርስዎ የቀን ሥራ ደብተር ሰውየውን፣ የሠራውንና የወሰደውን በአንድ መስመር ያስቀምጣል፦ የኬፊሲያው ፊሮማኮስ፣ ከጥሩሩ አጠገብ ያለውን ወጣት፣ 60 ድራክማ።